በበሮቼ ሥር የተጻፈው ስም

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእጄ ሥራ ሥር የሌላ ሰው ስም ተጽፎ ኖሯል። የጻፈው አሠሪዬ ነው፤ ስሙም የራሱ ነው።

ሥራዬ የግቢ በር መንደፍ ነው። አትሳቁ። ልጅ "ሥዕል እወዳለሁ" ሲል አባቱ "ምን ልትበላ?" ይለዋል። ልጁም ቢሆን ሸራ ወጥሮ ከመቀባት ሌላ የሚያውቀው የለም። ከጎፋ እስከ ፉሪ በየበሩ ላይ ያለው ሐረግ፣ ኮከብና ወፍ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ በልኩ ይስለዋል፤ ከዚያ ቶንዲኖ የሚባለው ዘንግ ብረት መስመሩን ተከትሎ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

አሠሪዬ የበሮቹን ፎቶ በአልበም ሰብስቧል። ደንበኛ ሲመጣ እየገለጥኩ የማሳየው እኔ ነበርኩ። ከየፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ የሰፈሩ ስም ይመስለኝ ነበር። በአርባ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አልበሙን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። "ንድፍ" ይላል፣ ከዚያ የእሱ ስም። ሁለተኛውም። ሠላሳኛውም። ለካ በገዛ እጄ ስሙን ለሰው ሁሉ ሳሳይለት ኖሬያለሁ!

ስጠይቀው፣ "ብረቱ የኔ፣ መብራቱ የኔ፣ ስሙ ያንተ?" አለኝ።

ሽማግሌ ላክሁበት። ሁለት ናቸው፣ የብስራተ ገብርኤል ሰዎች። አንደኛው፣ "በር አፍ የለው፣ ማን ይመስክርልህ?" አሉኝ።

"ባለቤቶቹ አፍ አላቸው" አልኩ።

አሠሪዬን ጨምረን ፉሪ ሄድን። የአንድ አዛውንት ገበሬ በር ላይ ቆምን፤ ከቤታቸው ጀርባ የቀረቻቸውን ቁራጭ መሬት ዛሬም ያርሳሉ። አንደኛው ሽማግሌ አሠሪዬን፣ "እስቲ በሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አሉት።

"ዘንባባ ነዋ!"

ገበሬው ይህን ከውስጥ ሰምተው ወጡ። "ዘንባባ! አንተ ሰውዬ፣ የምትበላውን አታውቀውም? ጤፍ ነው!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄኛው ደግሞ ባሰ። መጀመሪያ ግቢዬ ሲሚንቶ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሳለልኝ። 'ልጄ፣ ይሄ ስንዴ ነው፣ ጤፍ ሲደርስ ያጎነብሳል' አልኩት። የከተማ ልጅ፣ አላመነኝም! እጁን ይዤ ጓሮ ወስጄ አሳየሁት።"

እውነታቸውን ነው። ሦስት ቀን ማሳው ዳር ተቀምጬ ነፋሱ ጤፉን ሲያስተኛውና ሲያነሳው አይቻለሁ። ተቀምጦ ማየት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እንደዚያ የተደሰትኩበት የሥራ ቀን የለኝም።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አሠሪዬም ሳይወድ ሳቀ። "በቃ፣ ገብቶናል፣ እንመለስ" አሉ ሽማግሌዎቹ። የት አባታቸው! ገና አምስት በር አለ ብዬ እየጎተትኩ አዞርኳቸው። በየደረስንበት ሴቶቹ "ውይ፣ የበራችን ሰውዬ መጣ!" እያሉ ወጡ። አንዷ ሠፈሩን ሁሉ ጠርታ በሯን ስታስጎበኝ ዋለች።

የተፈረደው አጭር ነው፤ ከፎቶዎቹ ሥር የአሠሪው ስም ያለባቸው ወረቀቶች ይላጡ፣ ባለሙያው ራሱ ስሙን ይጻፍ። ጻፍኩ። አሠሪዬ አጠገቤ ቆሞ፣ "ጽሑፍህ ግን ያስጠላል" አለኝ። ያስጠላል። ስሙ ግን የኔ ነው። የመጨረሻውን ጽፌ እስክሪብቶዬን የከደንኩት በገብርኤል ማግስት፣ ታኅሣሥ ሃያ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው።