የካባው መሐላ

አያቴ የአንኮበር መሳፍንት ዘር ነኝ ሲሉ የሚያሳዩት አንድ በወርቅ የተጠለፈ ካባ ነበራቸው። ሲሞቱ ካባውን አጎቴ ወሰደው። አባቴ በንዴት እኔንና ወንድሜን የቤተ ክርስቲያን በር አስይዞ፣ ካባው ተመልሶ ቤታችን እስኪገባ ከአጎታችን ቤት እህል ውሃ እንዳንቀምስ አስማለን። ልጆች ነበርን፤ ማልን።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃን ላይ ከአጎቴ ጋር በአጥር እየተዋሰንኩ ውሃ እንኳ ሳልቀምስለት ኖርኩ። ልጁን ሲድር ከደጅ መርቄ ተመለስኩ።

አምና አጎቴ ሞተ። ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲታደል እጄን ሰበሰብኩ። ሚስቱ አየችኝ።

«አሁንም? ካባውን እኮ በዓመቱ በሽማግሌ ልኮላችሁ ነበር። አባትህ ነው ‹እሱ የለበሰውን አልነካም› ብሎ የመለሰው።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «እኔው ነኝ የወሰድኩት» አሉ።

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ከአጥሩ ውጭ ለቆመው ወንድሜ ነገርኩት።

«አባባ ካልተቀበለው አልተመለሰም ማለት ነዋ» አለኝ።

ያን ጊዜ አባቴን በመቃብሩ ውስጥ እንዳለ ረገምኩት። ወንድሜን እዚያው ትቼው ገባሁና ከንፍሮው እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ቃምኩ። በሠላሳ ዓመት ከአጎቴ ቤት የቀመስኩት እህል የራሱ የለቅሶ ንፍሮ ሆነ።