እህቴን የነፈግኋት አሥር ደቂቃ

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ፊት እያጸዳሁ ነው የምኖረው። ማድያት ያለባትም፣ ብጉር ያስቸገራትም እኔ ዘንድ ትመጣለች። የምቀባው ቆዳ የሚልጥ አሲድ ስለሆነ ቀልድ አላውቅም። አዲስ ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ ከአፍንጫዋ ጎን ጥቂት እቀባና አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። አንዱ ቆዳ ሁሉን ይችላል፤ ሌላው ሎሚ ሲነካው ይንጨረጨራል። «አቃጠለኝ» ካለችኝ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አጥባታለሁ። አልከራከርም።

ታናሽ እህቴ ለሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአፍንጮ በር ታክሲ ይዛ መጣች። ጉንጯ ላይ ያለው ማድያት በቬሎው ፎቶ ላይ እንዳይታይባት ሰግታ ነበር። በዚያን ሰዓት ወረፋ የያዙ ሴቶች ወንበሩን ሞልተውታል፤ አንዷማ ሰዓቷን ደጋግማ እያየች በረጅሙ ትተነፍሳለች። እህቴን አስተኛሁና ምንም ሳልሞክር ፊቷን ሙሉ ቀባኋት። እህቴ አይደለች? ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል?

ብሩሹን ሳላስቀምጥ «እትዬ፣ ያቃጥላል» አለችኝ።

«እየሠራ ነዋ! ቻይው።»

«ኧረ በጣም ነው፣ ሙች!»

«አንቺ ደግሞ! ልጅ ሆነሽም ጉልበትሽ በተላጠ ቁጥር ሰፈሩን ስታምሺ ነው ያደግሽው። ሙሽራ መሆን ቀላል መሰለሽ?»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። መሳቃቸው ደስ አሰኘኝ፤ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። እሷም አብራ ሳቀችና ዝም አለች። ጣቶቿ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ሲይዙ አይቻለሁ። አይቼም አሲዱ የሚቆይበት ደቂቃ እስኪሞላ ጠበቅሁ።

ሳጥባት ፊቷ በርበሬ መስሏል። ቅዳሜ ቆዳዋ ይላጥ ጀመር። እሁድ፣ የተቀባችው ሜካፕ ሁሉ ሲለበልባት ዋለ፤ ስታለቅስ ደግሞ እንባዋ አባሰባት። ሰው የደስታ ለቅሶ መስሎት እልል ይላል። እናታችን በሠርጉ ማግስት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለችኝና ፊቷን አዞረችብኝ።

ቆዳው በሁለት ሳምንት ዳነ፤ ምልክት እንኳ አልተወም። ይቅርታ ስጠይቃት «ኧረ ተይው እትዬ፣ ምንም አልነበረም» አለችኝ። ቀለለኝ። ያን ጊዜ ሞኝ ነበርኩ። ያቺ ልጅ እሾህ ሲወጋት እንኳ ቀድማ የምትነግረው ለእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስደውልላት ሁልጊዜ ደህና ናት። ሥራዋም፣ ባሏም፣ ጤናዋም ደህና። እኔም ትዳር አበሰላት ብዬ በሰው ፊት እኮራባት ነበር።

ባለፈው ክረምት ጽንስ ወረደባት። የሰማሁት ከሳምንት በኋላ፣ ከጎረቤቷ ነው። ያለሁበትን ሥራ ጥዬ ሮጥኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ገርጥታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀስኩ።

እንኳን ልትቆጣ፣ እጄን ይዛ አስገባችኝና ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ጓዳ ሄደች። «ያምሻል?» አልኳት ከኋላዋ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። «ሻይ ነው ቡና የምትጠጪው?»