በዜማ ምልክት የተጻፈው የራዳር መዝገብ

በደርግ ዘመን ዳባት ላይ ራዳር ተክዬ ሰማይ ያጠናሁበትን ጊዜ ሰዎች ሲያነሱብኝ፣ ስለ ሥራው ብቻ አወራለሁ። ሥራው አያሳፍርም። ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ ሲመታው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስስ አየር አለ። ቀን ቀን ይታወካል። በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ከዘረጋሁት ሽቦ የሬዲዮ ሞገድ እልክበታለሁ፤ የታወከው ክፍል ሞገዱን ይመልሰዋል፤ የተመለሰውም ስክሪን ላይ ይታያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ገበሬው ግን ዝናብ የሚያባርር መሣሪያ ነው ይል ነበር፤ የደባርቁ ካድሬ ደግሞ ከወንበዴ ጋር የሚያነጋግር።

ዘበኛ አድርጌ የቀጠርኳቸው አንድ የዜማ መምህር ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ግማሹ ለውትድርና ተወስዶ፣ ግማሹ ሸሽቶ ጉባኤያቸው ሲበተን ነው ደጄ የመጡት። የኔታ እላቸዋለሁ። ስክሪኑን የሚቀርጸው ፊልም ሲያልቅብኝ እያየሁ በእጄ መመዝገብ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ማፍጠጥ ሲሰለቸኝ ደግሞ ደብተሩን ለሳቸው አስረከብኩ። ሰነፍ ነበርኩ፤ አልክድም።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ብገልጠው ሰዓቱ በግዕዝ ቁጥር፣ ከጎኑ የዜማ ምልክት ተጽፏል። የሚንቀጠቀጠውን ሞገድ በርክርክ፣ ወደ ታች የሚወርደውን በድፋት፣ ድንገት የሚጠፋውን በቁርጥ ምልክት አስፍረውታል።

«የኔታ፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው፤ ማኅሌት አይደለም» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«የሚርገበገብ ነገር በርክርክ ነው የሚጻፍ፣ ልጄ። ሌላ በምን ልጻፈው?» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። እኔ «ታውኳል» ብዬ በአንድ ቃል የማልፈውን እሳቸው በአምስት ዓይነት ለይተውታል። «እንዲሁ ይቀጥሉ» አልኳቸው። ይኼን በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ።

በዚያ ሰሞን በአዲ አርቃይ መንገድ የጦሩ መኪና ተመትቶ ነበርና አገሩ ሁሉ ይፈተሽ ጀመር። ካድሬውም ከደባርቅ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ እኛ ዘንድ መጣ። ደብተሩን አገላብጦ «ይኼ ምንድን ነው? የምስጢር ጽሑፍ?» አለ።

የኔታ ወደኔ ዞሩ። «ንገራቸው እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ተማሪያቸው የተጠየቀ ያህል ኮርተውብኝ ነበር።

እኔ ያየሁት ጠመንጃውን ነው። «ዘበኛ ነው። ጠብቅ አልኩት እንጂ ጻፍ አላልኩትም» አልኩ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለውን ተረት ያወጣው እንደኔ ያለ ፈሪ መሆን አለበት።

የኔታ ጋቢያቸውን አጣፉና በታጣቂዎቹ መካከል ቆሙ። ሊወጡ ሲሉ «ስክሪኑን እንዳትዘነጋው፤ መርገብገብ ጀምሯል» አሉኝ። እውነትም ጀምሮ ነበር። ተቀምጬ መዘገብኩ።

ባለቤታቸው ሦስት ቀን ተመላለሱብኝ። «አንድ ቃል ብቻ ይበሉልኝ፤ እርስዎን ይሰማሉ» ይሉኛል። «ጉዳዩ በበላይ አካል ተይዟል» አልኳቸው። ያን ቋንቋ መቼ እንደተማርኩት እንጃ። በሦስተኛው ቀን በሩን እንኳ አልከፈትኩላቸውም።

በወሩ የሥራ ፈቃዴ ሲያልቅ ለማሳደስ ደባርቅ፣ ካድሬው ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቴን እያነበበ፣ ቀና ሳይል «መምህሩ ርክርኩን አሳምረው ነበር የጻፉት» አለ።

«ጓድ፣ ያውቁታል እንዴ?» አልኩ።

«ድጓ ተምሬያለሁ እኮ። አባቴም ደብተራ ነው። ገና ስገልጠው የዜማ ምልክት መሆኑን አውቄያለሁ። የጠበቅሁት ያንተን አፍ ነበር። የኔ ሥራ ነው ብትል የጥናት መዝገብ ነው ብዬ እተወው ነበር። ባለቤት ሲያጣስ? እኔ የድጓ ተማሪ ነበርኩ ብዬ ጥብቅና ልቁም? ወደ ጎንደር እስር ቤት ላክኋቸው።»

«አሁን እዚያ ናቸው?»

«የሉም» አለ። «ባለፈው ሳምንት እርምጃ ተወስዶባቸዋል።»

ቀጥሎ ማኅተሙን መታበትና ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። የስድስት ወር ፈቃድ ነበር። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «አመሰግናለሁ፣ ጓድ» ብዬ ተቀበልኩ።