የዘሃራ ኮሽም

ገና ሳይቀምሱት ጥርስ የሚያጠርሰው የበሰለ ኮሽም ሽታ አልፎ አልፎ ሲመጣብኝ፣ መርካቶ ከሶማሌ ተራ ጀርባ በነበረው ግቢያችን አጥር ሥር የቆምኩ ይመስለኛል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር። አባቴ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ከሱቅ ሲመለስ ግን ኮቱን ሳያወልቅ ወደ እሾሃማው የኮሽም አጥር ይሄድና፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ዘሃራን ጠርቶ ካፈራው ዛፍ ሁሉ ያቀምሰን ነበር። የሚፈልገው ፊታችንን የማያኮማትር ዛፍ ነበር። አንድ ቀን ዘሃራ አንዱን ውጣ «አባ፣ ሌላ ስጠኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ያ ዛፍ «የዘሃራ» ተባለ።

እናቴ በአጥሩ ቦታ የሚከራይ ክፍል እንዲሠራ ትፈልግ ነበርና «ከእሾህ ምን ይገኛል?» ስትለው፣ «ጣፋጩ እስኪያፈራ ታገሺኝ» ይላት ነበር። ክረምት ሲገባ ከዘሃራ ዛፍ ቀንበጥ እየቆረጠ፣ የሌሎቹን ግንድ እየሰነጠቀ ይሰካና በጨርቅ ቁራጭ ይጠቀልለው ነበር፤ እኛም ቅጠል አወጣ አላወጣ እያልን እየተሽቀዳደምን እናይ ነበር። አብዛኛው ደረቀ፣ ጥቂቱ ያዘ።

ያዘልኝ ብሎ የተደሰተው አባቴ፣ ከማበብ በቀር አፍርተው የማያውቁትን ዛፎች «ቦታ ይዘውብኛል» ብሎ ቆረጣቸው። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ የዘሃራም፣ ከእሷ የተዳቀሉትም አበቡ፤ አበባው ግን ረግፎ አንድም ፍሬ አልያዘም። አባቴ ወደ አጥሩ መሄድ ተወ። እናቴ የክፍሉን ነገር የምታነሣ መስሎን ነበር፤ አላነሣችም።

ጉራጌዋ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ግን ነገሩን ሰምተው መጡና ጉቶዎቹን አይተው፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ባሏን ቆርጠው ከእሷ ልጅ ይጠብቃሉ?» አሉት። ኮሽም ወንድና ሴት እንዳለው፣ ወንዱ አጠገቧ ከሌለ ሴቷ እንደማታፈራ ያን ቀን ሰማን። አባቴ ራሱን ይዞ ሳቀ።

በቀጣዩ የአበባ ወቅት ከእትዬ ከድጃ አጥር የወንዱን ቅርንጫፍ ከነአበባው ይዛ የመጣችው እናቴ ነበረች። ማንም ሳይጠይቃት የዘሃራ ዛፍ ላይ አንጠለጠለችው። በበጋው የዛፏ ቅርንጫፎች በብጫ ፍሬ ጎበጡ። እናቴ የመጀመሪያውን ቀምሳ «አሁንም ይኮመጥጣል» አለች፣ ሁለተኛውንም አነሣች።

ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ ፎቅ ቆሟል። ችግኝ መሸጫ ስሄድ የየዝርያው ስም፣ የፍሬው ጣዕምና የሚያፈራበት ጊዜ ተነግሮኝ እገዛለሁ፤ ጥሩም ያፈራል። እኛ ያኔ የምንጠብቀው ምን እንደሚመጣ ሳናውቅ ነበር፤ ያ አለማወቅ ምን ያህል ደስ ይል እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።