አጎዛው ላይ የተቀመጠችው ምራት

ልጅ ሳለሁ የጅቡን ለቅሶ ተረት የጀመሩልኝ ጎረቤታችን አባ ይመር ናቸው፤ የጨረሰችልኝ ግን ምራታቸው ጫልቱ ናት።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ቤታቸውና ቤታችን በአንድ አጥር ነበር። ያኔ ከብት ከገባ በኋላ ራት እስኪቀርብ ድረስ የሰፈሩ ልጆች ምድጃቸውን ከበን እንቀመጣለን፤ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ኩራዙ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጥላችን ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። አባ ይመር የበግ አጎዛቸው ላይ ሆነው ያወራሉ። ታዲያ አንድ አመል ነበረባቸው፤ የተበላሸ አማርኛ ሲሰሙ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል። አንዴ «ካህናቶች» ብል፣ «ካህናት ካልሽ ወዲያ ‹ኦች›ን የጨመርሽው ለምርቃት ነው?» አሉኝ። ያጠፋ ሰው አጎዛው ላይ ተቀምጦ ተረቱን ካቆሙበት ይቀጥላል፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነበር። ይህን ስለምንፈራ ከመጠየቅ ዝም ማለት ይቀለን ነበር።

ጫልቱን ልጃቸው ወደ ከሚሴ ለሥራ ሄዶ ነው አግብቶ ያመጣት። ያደገችው በኦሮምኛ ነው። አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ የባሏን እናት እትዬ ዘነቡን «አንተ፣ ብላ እንጂ!» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እትዬ ዘነቡ ምንጭ ወርደው ለእናቴ «ሰው ፊት ማቅረብ አቃተኝ እኮ! የኛ ሰውዬ እሺ ካሉኝ ወደ አባቷ ቤት ነው የምሸኛት» ሲሉ እኔ አጠገባቸው እንስራ አዝዬ ቆሜ ነበር። እኔን የሚያመልጠኝ ወሬ የለም። ግን ያን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ ጫልቱ አፏን በከፈተች ቁጥር እኔ እሳቀቃለሁ።

አንድ ማታ አባ ይመር የአህያ ለቅሶ ሊደርስ ስለመጣ ጅብ ይነግሩናል። ጫልቱ እንጨት ልትጨምር ገብታ ስትሰማ ቆየችና ድንገት፣ «ጅቡ አታፍርም?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ሆነው «ይኸው! እኔ ምን አልኩ!» አሉ። አባ ይመር ከአጎዛው ተነሡ።

«ነይ፣ ቀጥዪ።»

ቁጭ አለች። ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ይጠቀልላሉ፤ እኔም መቀመጥም መነሣትም አቃተኝ።

«ጅቡ ገባች» ብላ ጀመረች። «ከዘመድ በላይ አለቀሰች። ደረቷን መታች። ንፍሮ ሲሰጧት፣ ‹እኔ? በዚህ ሐዘን? አልበላም!› አለች።»

አንዱ ልጅ ሊስቅ ሲል ሌላው በክርኑ ጎሸመው። አባ ይመር በትራቸውን ያነሣሉ፣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፣ መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል።

«የሟች ልጅ ውርንጭላው መጣች። ‹አባቴን በምን ታውቂዋለሽ?› አለቻት።»

ጫልቱ ጎንበስ ብላ እንጨቱን ምድጃው ውስጥ ጨመረች።

«እ፣ ከዚያስ?» አሉ አባ ይመር።

ጫልቱ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «ራት ደረሰ። ነገ።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘነቡ የመሸኘቱን ነገር አነሡባቸው። እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ!» አሉ አባ ይመር። «ተረቱን ሳትጨርስልኝ የት ነው የምትሄደው?»

ማታውን ጨረሰችው። ጅቡ ደረቷን እየመታች «በጣዕሙ ነዋ!» አለች። አባ ይመር እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያባራ ሌላ ጀመረችላቸው፤ እሳቸውም አጎዛውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

ዛሬም ሬዲዮ «ሕፃናቶች» ባለ ቁጥር እንደ እሾህ ይወጋኛል፤ አመላቸው ተጋብቶብኛል። ግን ያን ሁሉ ዘመን ከሳቸው ከሰማሁት ያልተሳሳተ ተረት ይልቅ፣ ሳልፈልገው ትዝ የሚለኝ ደረቷን የምትመታው ጅብ ናት።

አባ ይመር አርፈዋል። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የምታጎርሳቸው ጫልቱ ናት። አጎዛው ጠጉሩ አልቆ ቆዳው ቀርቷል፤ የምትቀመጥበትም እሷው ናት።