ለአባቴ ክፍል የሚሆን ሌንስ

ወንድሜ ያመጣልኝ ካሜራ ሌንስ አልነበረውም። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ካሜራውን የገዛው ከሥራ ባልደረባው ነው፤ ሰውየው ሌንሱን ሰብሮት ቦዲው፣ ማለትም የካሜራው አካል፣ ብቻ ቀርቶት ነበር። በፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና፣ "ፎቶ ትወጃለሽ አይደል? ሌንሱን ራስሽ ምረጪ፣ እኔ እገዛልሻለሁ" አለኝ። ምሳውን በላ፣ የአባታችንን ግንባር ሳመና ሄደ። ያላለው ነገር ገብቶኛል። አንቺ እዚሁ ሁኚ ማለቱ ነበር።

አባቴ ወደሚኖርባት ቦዲቲ ከተማ የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። ከዚያ በፊት ሐዋሳ አንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ሌሎች ያነሱትን ፎቶ አስተካክል ነበር። አባቴን ስትሮክ መታው ተብሎ ተደወለልኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከሶዶ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ።

የምንኖረው አስፋልቱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከአባቴ አልጋ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ጠዋት አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጠዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው ሲቀመጡለት ብቻ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። "ሳሮ" ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሲገቡ ልቤ ይዘላል፤ ለአንድ ሰዓት መውጣት እችላለሁ ማለት ነው።

ሌንስ መምረጥ የጀመርኩት ስልኬ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥሮቹ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ነበሩብኝ። እያደር ገቡኝ። በሚሊሜትር የተጻፈው ትንሽ ሲሆን ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ትልቅ ሲሆን ሩቁን ያቀርባል፣ ግን የሚያየው ጠባብ ነው። ከኤፍ ፊደል ጋር ያለው ደግሞ የብርሃን መግቢያው ነው፤ እሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል። ሌላም ነበር፤ ሌንሱ እስከ ምን ያህል ቅርበት ድረስ እንደሚያተኩር የሚናገር ቁጥር። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩት። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ፣ "ለፈተና ነው የምታጠኚው?" ይለኝ ነበር።

እንዲህ አጥንቼ የተሳሳተውን ገዛሁ።

አንድ ማክሰኞ እትዬ አባቴ ጋ ተቀመጡልኝና በሚኒባስ ሶዶ ወረድኩ። የካሜራ ዕቃ የሚሸጠው ሰው የወንድሜ እኩያ ነው። ቦዲውን አገላብጦ አየና፣ "እህቴ፣ ምን ልታነሺበት ነው?" አለኝ።

"ሠርግ" አልኩት። ማንም ለሠርግ አልጠራኝም።

"ለሠርግ ሰፋ ያለ ይሻልሻል።"

እኔ ግን ዓይኔ መስታወቱ ውስጥ ካለው ረጅም ሌንስ ላይ ነበር። ከሃምሳ አምስት እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊሜትር። ብዙ ብርሃን እንደማያስገባ ቁጥሩ ይናገራል። ከአንድ ሜትር በታች የቀረበን ነገር እንደማያነሳም ተጽፎበታል። አንብቤዋለሁ። ያሰብኩት ግን ሩቁን ብቻ ነበር። "እሱን ስጠኝ" አልኩት።

ለአንድ ሳምንት ደስ አለኝ። በሩ ላይ በርጩማ አወጣሁና ተቀመጥኩ። የዳሞታ ተራራ ዛፎች አንድ በአንድ ታዩኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉ አውቶቡሶች ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አነሳሁ። አንዷ ልጅ ጉንጯን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። ያቺን ፎቶ ደጋግሜ አየኋት። የት እንደምትወርድ አላውቅም፤ ግን የትም ትውረድ፣ ቀናሁባት። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ መቀመጡ እያስጠላኝ መጣ። ሌንሱ ሰዉን ሁሉ እያቀረበ ሲሄድ ያሳየኛል፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ።

"እኔንስ?" አለኝ አባቴ አንድ ከሰዓት። አፉ ትንሽ ይይዘዋል፣ ቃል ሲያወጣ ይዘገያል። "ተራራውን አነሳሽ፣ መኪናውን አነሳሽ።"

ሌንሱን ወደሱ አዞርኩ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አያተኩርም። ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ከዚያ ጀርባዬ ግድግዳውን ነካ። መሄጃ አልነበረም። የወጣልኝ ፎቶ የተድበሰበሰ ፊትና ግማሽ ትራስ ነበር።

"አሳዪኝ" አለ። አሳየሁት።

"ምን ሆነ?"

"ሌንሱ ለሩቅ ነው፣ አባዬ።"

ፎቶውን እንደገና አየ። ከዚያ፣ "መሄድ ፈልገሽ ነው የገዛሽው" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ለዚህ ክፍል የሚሆን ሌንስ መግዛት እዚህ መቅረቴን በፊርማዬ ማጽደቅ መስሎኝ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

በማግስቱ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ከግድግዳው እስከ አባቴ ፊት ለካሁ። ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር።

ሶዶ ስመለስ ባለሱቁ ሌንሱን አይቶ፣ "ሠርጉ አልሆነም?" አለኝ።

"ሠርግ የለም" አልኩት። "አባቴ ታሟል። ክፍሉ ጠባብም ጨለማም ነው። እኔም ከዚያ ክፍል አልወጣም።" ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

ብዙ አልጠየቀኝም። ሁለት ትንንሽ ሌንሶች አውጥቶ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ጓዳ ወሰደኝና ካርቶን ላይ ተቀመጠ። "ግድግዳውን ተደገፊና አንሺኝ።" በመጀመሪያው፣ ሁሉም ሰው ግዙ በሚለው ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ፊቱና ትከሻው ብቻ ገባ። በሃያ አራቱ ጉልበቱም፣ ካርቶኑም፣ ከላዩ ያለው መደርደሪያም ገባ።

"ሃምሳው ብርሃን በደንብ ያስገባል" አለ። "ሃያ አራቱ ከሱ ያንሳል። አባትሽ ይንቀሳቀሳሉ?"

"አይንቀሳቀስም።"

ትንሽ አቀረቀረ። "እንግዲያው ሹተሩን፣ መዝጊያውን፣ ዘግየት ብታደርጊው ብርሃን ይጠራቀማል፣ ምንም አይልም። ሃያ አራቱን ውሰጂ።" ረጅሙን ሌንስ በልዋጩ ያለ ክርክር ተቀበለኝ።

አባቴ ካልተላጨሁ ፎቶ አልነሳም አለ። ላጨሁት፣ የሹፌርነት ጃኬቱን አለበስኩት፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁት። ሁሉም ገባ፤ እሱ፣ አልጋው፣ ጥጉን የሚጋርደው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ሥር የሚታየው ነገር ሁሉ።

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። ራሱን የሚያይ መስሎኝ ነበር። በደህናው እጁ ጥጉን ጠቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የኔ ፍራሽ ነው።"

"መሬት ላይ ነው የምትተኚው?"

ከመጋረጃው ጀርባ ነው የምተኛው፣ ከአልጋው ሆኖ አይታየውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየም። እኔም አልነገርኩትም። "ስልኩን ስጪኝ" አለና ለወንድሜ አስደወለኝ። ቃል እየጎተተ፣ "እህትህ ደክሟታል፣ መሬት ነው የምትተኛው፣ ተራህ ነው፣ ና" አለው።

ወንድሜ በአሥረኛው ቀን መጣ። አልጋ ይዞ መጣ። ከመኪናው አውርዶ ገጣጠመው፣ ፍራሼን አነጠፈልኝና ላቡን ጠረገ። ሊሄድ ሲነሳ አባቴ፣ "አልጋ አላልኩህም" አለው። "ተራ ነው ያልኩህ።"

ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ቆመ። እኔም በአንድ ቃል እንኳ አልረዳሁትም፤ ልረዳው አልፈለግሁም። በመጨረሻ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "እንዴት ነው የሚገላበጠው? አሳዪኝ" አለኝ።

አንድ ሳምንት ተቀመጠ። እኔ ሻንቶ ከተማ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ገበያውን አነሳሁ፣ እስኪበቃኝ ተኛሁ። በየቀኑ ግን ምሳ ሰዓት ላይ እየደወልኩ አገላበጥከው ወይ እለው ነበር። አሁን በየሁለት ወሩ ይመጣል፤ ጭነት ሲበዛበት የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሲቀር እትዬ አባቴ ጋ ይቀመጡልኝና መንገዱ ዳር ወጥቼ በአውቶቡስ የሚያልፉት ሰዎች እስኪያዩኝ ድረስ እቆማለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ።