የመክት የፋሲካ ድርሻ

የፋሲካ ዋዜማ በመጣ ቁጥር፣ ደብረ ብርሃን በምኖርበት ግቢ ከየቤቱ የቁሌት ሽታ መውጣት ሲጀምር፣ ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር ሲንተከተክ የሚወጣው ሽታ እንደማንኛውም ሰው ያስርበኛል፤ ከረሃቡ ቀድመው የሚመጡብኝ ግን መንዝ ያለው የአባቴ ግቢ፣ ውሻችን መክትና ሸክላ ሠሪዋ እትዬ አስካለ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ነበር። መክትን ገና ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጡልን እትዬ አስካለ ናቸው። እኔ ዛሬ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፤ ያኔ ግን ከእናቴ የሚበልጡትን ሴትዮ ቤታችን ውስጥ ትልቅ ትንሹ «አንቺ» ይላቸው ነበር፣ ሸክላ ሠሪ ናቸዋ።

ክረምት ገብቶ ጉሙ ከደጃፋችን አልነሳ ሲል፣ እናቴ ወተቱን ንጣ፣ ቅቤውን አውጥታ፣ አሬራውን አፍልታ አይብ ስታወጣ የሚቀረው አጓት የመክት ነበር። በሶውን በአጓት ለውሳ፣ ጨው ሳታስነካው በመዳፏ ጨበጥ ጨበጥ እያደረገች ጭብጦ ትሠራለት ነበር፤ በግ የታረደ እንደሆነም ጨው ሳይገባበት ከአጥንቱ መረቅ ቀንሳ ታቆይለትና ጭብጦውን በእሱ ታርሰው ነበር። የዶሮ አጥንት ግን ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል ብላ በጭራሽ አታስነካውም፤ አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ የዶሮ አጥንት ወርውሮለት ስታይ የልጁን ጆሮ ይዛ አጥንቱን በሣር ውስጥ ያስፈለገችው እስካሁን ያስቀኛል። ለውሻ የሚሆነውንና የማይሆነውን እናውቃለን ብለን እንኮራ ነበር።

በጋ ሲሆን፣ ገብሱ ተወቅቶ አዲስ በሶ ሲፈጭ፣ እትዬ አስካለ በገበያ ቀን ድስትና ምንቸታቸውን አዝለው በደጃችን ያልፉ ነበር። መክት ከሩቅ ጠረናቸውን ለይቶ እየሮጠ ሄዶ ጭቃ የነካውን እጃቸውን ይልሰዋል፤ እሳቸውም ሸክማቸውን አውርደው አጥሩ ሥር ቁጭ ይሉና ጠላ ይቀዳላቸው ነበር። የሚቀዳላቸው ለብቻ በተቀመጠች፣ አጥሩ ላይ በምትሰቀል ጣሳ ነው፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይጠጣባትም። በእሳቸው ድስት ወጥ እንሠራለን፣ በእሳቸው እንስራ ውሃ እንቀዳለን፣ ውሻችን እንኳ የሚበላው እሳቸው በሠሩት ጣባ ነው፤ የእሳቸው ከንፈር የነካት ጣሳ ግን ደጃችንን አልፋ እንዳትገባ እንጠነቀቃለን።

ሁዳዴ ሲገባ መክትም ከእኛ ጋር ይጾም ነበር። አባቴ ጾም አጥባቂ ስለሆነ አጓትም ሆነ መረቅ ግቢው ውስጥ እንዲታይ አይፈልግም፤ ዕቃው ይነካካል ይላል። እናቴ በሶውን በውሃ ብቻ ለውሳ ስትሰጠው ውሻው አሽትቶ፣ ቀና ብሎ አይቷት፣ ሌላ ነገር እንደሌለ ሲገባው ይበላ ነበር። ታዲያ አባቴ ፋሲካ ሲደርስ ፍርዱን አያጎድልም። «አብሮን የጾመ አብሮን ይፈስክ» ብሎ ከዶሮው ወጥ ለመክት ድርሻ ያስወጣለታል፣ ድርሻውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጉርሻ አያልፍም ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የአባቴ ዘመዶች ከራቤል ስለመጡ እናቴ ትልቁን ድስት ጥዳ፣ ሽንኩርት ስትልጥ ውላ፣ ወጡን አበዛችው። እንግዶቹ ሥጋውን ሲጨርሱ በድስቱ ግርጌ ወፍራም ቁሌት ተረፈ፤ አባቴም ለዚያ ምስኪን ይሁንለት አለ። ጠዋት ጠዋት እየተሰበሰብን፣ ስባሪ አጥንት እንዳይኖርበት በጣታችን ፈልገን፣ ቁሌቱን በእንጀራ ፈትፍተን ጣባውን እንሞላለት ነበር። መክት እስከ ጆሮው በርበሬ ተቀብቶ ጣባውን ይልሳል፣ እኛ ደግሞ በደግነታችን ደስ ብሎን እናየዋለን።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ እትዬ አስካለ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው፣ አጥሩ ሥር ቆመው ሲበላ አዩትና «እንዴት አምሮበታል፣ የኔ ጌታ» አሉ። ከዓይን ያውጣው ሳይሉ ቀሩ። በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጡት ውሻ ነው፤ ሰው ልጁን ሲያቆላምጥ እንደሚለው ነበር ያሉት።

ሳምንቱ ሳያልቅ መክት ከተኛበት አልነሳ አለ። ሳይሮጥ ያለከልካል፣ ሽንቱም እንደ ጠላ ጠቆረ። እናቴ ከንፈሩን ገልጣ ስታይ ድዱ አይብ መስሏል፤ ደም የሚባል የለበትም። አባቴ አየና አጥሩ ላይ ወደተሰቀለችው ጣሳ ዞረ።

«ደሙን መጠጠችው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው አልነበረም፤ የገረጣው ድድ ለሁሉም ማስረጃ ሆነ። እትዬ አስካለ አልነኩትም፣ አጠገቡም አልደረሱም ብዬ ብጮህ አባቴ አፍሽን ያዢ አለኝ፤ እናቴም እኔንም እንዳያዩኝ ፈርታ አንገቴ ላይ ክታብ አሰረችልኝ። መክት በሁለተኛው ቀን አፉ አጠገብ ያስቀመጥኩለትን ጭብጦ ሳይቀምስ ሞተ። አባቴ ጣሳዋን ገደል ወርውሮ፣ ሴትዮዋ በደጄ እንዳታልፍ ብሎ ሰው ላከባቸው፤ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ድስታቸውን የሚገዛ ጠፋ፣ እናቶች በአጠገባቸው ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር።

አንድ ቀን ብቻ መጥተው ከአጥሩ ውጪ ቆሙ። አባቴ ቤት ውስጥ ነበር፤ አልወጣም።

«በነጠላዬ ታቅፌ ያመጣሁትን ውሻ ምን በወጣኝ ልብላው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ከኔ እጅ አይደለም የወሰዳችሁት?»

ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መንገዱ ወጡ።

አድጌ፣ ሥራ ይዤ ደብረ ብርሃን ስገባ እኔም ውሻ አሳደግኩ። አንድ ጊዜ ላስከትብ ወስጄው የእንስሳት ሐኪሙ ምን እንደማበላው ጠየቀኝ፤ በጨው አልባ መረቅ የተለወሰ ጭብጦ፣ የተቀቀለ ዱባና ካሮት፣ አልፎ አልፎም ቀይ ሥጋ ስለው ደስ አለውና ማስጠንቀቅ ያለበትን ጨመረልኝ። ዘቢብና ቸኮሌት እንዳይቀምስ፣ ሽንኩርትማ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ወጥ ውስጥ የቀለጠውም ቢሆን እንዳይነካው አለኝ። ደሙን ያፈርስበታል፤ ዕለቱን አይታወቅም፣ ቀናት ቆይቶ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ድዱም ይነጣል አለኝ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጥንቱን በጣታችን ለቅመን ያወጣነው እኛ፣ መርዙን በእንጀራ ፈትፍተን የሰጠነውም እኛ ነበርን። የመክትን ደም የጨረሰው የእናቴ ወጥ ነበር።

አምና ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ መጀመሪያ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ሸክላውንም ትተውታል፣ ሰዉም ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። ከሐኪሙ የሰማሁትን ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«እኔማ አለመብላቴን ድሮም አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለማያውቁት ንገሪ።»

ከዚያው ወደ ቤት ሄጄ፣ ጎረቤት ለእንኳን አደረሳችሁ ተሰብስቦ ሳለ ለአባቴ በሰው ፊት ነገርኩት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ አልተከራከረኝም። አንድ በአንድ አስደገመኝ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱም ጠየቀኝ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ከመክት ወዲህ ላሳደጉት ውሻ ከእንግዲህ ሽንኩርት የነካው ነገር እንዳይሰጥ አላት። ጎረቤቶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ለየውሻቸው ይጠነቀቁ ዘንድ ተማከሩ። «እትዬ አስካለስ?» ስል አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ በሩ አየ።

«የእሷን ተይው» አለ። «ያለፈ ነገር ነው።»

አላለፈም። ከአባቴ ቤት ስወጣ አጥሩ ላይ ሌላ ጣሳ ተሰቅላ አይቻለሁ፤ አሁን የማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። እናቴ ዘንድሮ ደውላ ጭብጦውን ያለ ጨው እየሠራች እንደምትሰጠው፣ ውሻው እንደወፈረ፣ የሰፈሩም ሰው ምክሬን እንደያዘ ነገረችኝ። ድሮ ውሻችን ሽንኩርት ይበላ ነበር፣ እትዬ አስካለም ከአጥሩ ውጪ ይቀመጡ ነበር። አሁን ውሻው ሽንኩርት አይበላም።